አምስቱ ከፊት፦ የማጥቃት መስመሩ እና የፕሌይኦፍ መንገድ

የአሜሪካን ፉትቦል የሚከታተል ሰው ቶም ብሬዲን፣ ኤሚት ስሚዝን፣ ፓትሪክ ማሆምስን ያውቃል። በእነዚህ ኮከቦች ፊት ቆመው የተከላካዩን ጉልበት በአካላቸው የሚቀበሉትን አምስት ሰዎች ስም የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ሴንተሩ መሃል ቆሞ ኳሷን ወደ ኋላ ያቀብላል፤ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ታክሎች ይሰለፋሉ። በመደበኛው አሰላለፍ ወደፊት የተወረወረ ኳስ የመቀበል መብት የላቸውም። ሥራቸው ኳርተርባኩ ለመወርወር ጊዜ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ደግሞ መንገድ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

እነዚህ አምስት ሰዎች የአንድን ቡድን የፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ወቅት በኋላ የሚደረገውን የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ዕድል ምን ያህል ይወስናሉ? ጥያቄው በየዓመቱ ይነሣል፤ መልሱ ግን በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ አይገኝም። መስመሩ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1880 እስከ 1912፦ ከግፊያ የተወለደ መስመር

ጨዋታው ከራግቢ ሲወጣ የማጥቃት መስመር የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁለቱም ወገኖች ኳሷ ላይ ተቃቅፈው ይገፋፉ ነበር፤ ማን ይዟት እንደሚወጣም አስቀድሞ አይታወቅም ነበር። የዬል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ካምፕ ይህን በ1880 ለወጠው። በእሱ ሐሳብ መሠረት ኳሷ የአንድ ቡድን ሆነች፤ ያ ቡድን ከመሃል ወደ ኋላ አቀብሎ ጨዋታውን ይጀምራል፣ ሌላው ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት ረድፎች ፊት ለፊት መፋጠጥ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ረድፉ ግን ገና ጥበብ አልነበረውም፤ የሚተማመነው በጅምላ ጉልበት ነበር። ሃርቫርድ በ1892 ያሳየው «ፍላይንግ ዌጅ» የተባለው ስልት ተጫዋቾች በሽብልቅ ቅርጽ ተጠጋግተው ከርቀት እየሮጡ በተከላካዩ ላይ የሚወርዱበት ነበር። የሰው አጥንት የሚሰብር፣ ሕይወትም የሚያጠፋ ጨዋታ ሆነ። በ1905 ብቻ ቢያንስ 18 ተጫዋቾች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ወደ ዋይት ሃውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲታረም አሳሰቡ።

በ1906 ኳስን ወደፊት መወርወር ተፈቀደ። በሁለቱ ረድፎች መካከልም በኳሷ ርዝመት ልክ ማንም የማይገባበት ክፍተት ተደነገገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢያንስ ሰባት አጥቂዎች በመስመሩ ላይ እንዲቆሙ ግዴታ ሆነ። በሁለቱ ዳር ያሉት ኳስ መቀበል ሲችሉ፣ የመሃሉ አምስት ለከለላ ብቻ ቀሩ። ዛሬ የምናውቃቸው አምስቱ የተወለዱት የሰው ሕይወት ለማትረፍ ከወጣ ሕግ ነው።

ከ1940 እስከ 1958፦ ሥራው ሙያ ሲሆን

ብሔራዊው ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ በ1920 ቢመሠረትም የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች በየዓመቱ ለዋንጫ መገናኘት የጀመሩት በ1933 ነው። የመስመሩን ኃይል ለአገር ሁሉ ያሳየው ጨዋታ ደግሞ በታኅሣሥ 1940 በዋሽንግተን ተካሄደ። የቺካጎ ቤርስ ቡድን ከሦስት ሳምንት በፊት በዋሽንግተን 7 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። በዋንጫው ቀን ግን ቢል ኦስማንስኪ በሁለተኛው ሙከራ 68 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፤ ጨዋታው ሲያበቃ ውጤቱ 73 ለ 0 ነበር።

የቺካጎው አሠልጣኝ ጆርጅ ሃላስ ይጠቀሙበት የነበረው የ«ቲ» አሰላለፍ ኳርተርባኩን ከሴንተሩ ጀርባ ያስጠጋዋል፤ ኳሷ በፍጥነት ትወጣለች። የመስመሩ ሰው ባላጋራውን ለረጅም ጊዜ መግፋት አይጠበቅበትም፤ ለአፍታ ያህል ጠባብ በር ከከፈተ በቂ ነው። ከዚያ ቡድን የመስመር ተጫዋቾች መካከል ክላይድ ተርነር፣ ዳኒ ፎርትማን፣ ጆርጅ ሙሶና ጆ ስታይደሃር በኋላ ወደ ዝና አዳራሽ ገብተዋል። ዋንጫውን ሉክማን የተባለው ኳርተርባክ እንዳመጣው ይወራል፤ ከፊቱ የነበሩት ሰዎች ግን በዘመናቸው አቻ አልነበራቸውም።

ያም ሆኖ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ሲያጠቃም ሲከላከልም ሜዳ ላይ ይቆይ ነበር። ሊጉ በ1950 ተጫዋቾችን ያለ ገደብ መቀያየርን በቋሚነት ሲፈቅድ ነገሩ ተቀየረ። ሌላ ሥራ የሌለው፣ ከለላ መስጠትን ብቻ የሚማር ባለሙያ መፈጠር ቻለ። ባልቲሞር ኮልትስ በ1957 የመረጠው ጂም ፓርከር የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ታላቅ ሰው ሆነ። የተሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ጆኒ ዩናይተስ እንዳይነካ። በቀጣዩ ዓመት ኮልትስ በኒውዮርክ በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ 17 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፤ በ1959ም ደገመው። ፓርከር በ1973 ወደ ዝና አዳራሽ ሲገባ፣ ሙሉ ጊዜውን በማጥቃት መስመር ላይ ተጫውቶ ለዚያ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ከ1959 እስከ 1967፦ ሎምባርዲ እና አንዷ ጨዋታ

ግሪን ቤይ ፓከርስ በ1958 አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። በ1959 ቪንስ ሎምባርዲ መጡ። ሎምባርዲ ራሳቸው በፎርደም ዩኒቨርሲቲ ጋርድ ሆነው የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ ጨዋታውን የሚያዩትም ከመስመሩ ዓይን ነበር። ቡድናቸውን የገነቡት በአንዲት ጨዋታ ዙሪያ ነው። ኳሷ ስትወጣ ሁለቱ ጋርዶች፣ ጄሪ ክሬመርና ፈዚ ተርስተን፣ ቦታቸውን ለቀው ወደ ጎን ይሮጣሉ፤ ኳስ የያዘው ከኋላቸው ይከተላል። ባላጋራ ሁሉ ይህቺ ጨዋታ እንደምትመጣ ያውቅ ነበር። ማወቁ ግን አላዳነውም፤ አምስቱ እያንዳንዷን እርምጃ በልምምድ ብዛት አንድ አድርገዋት ነበርና።

ፓከርስ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት የሊግ ዋንጫ ወሰደ። የመጨረሻው በታኅሣሥ 31 ቀን 1967 ከዳላስ ካውቦይስ ጋር የተደረገው ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር። 16 ሰከንድ ሲቀር ፓከርስ 17 ለ 14 እየተመራ ከጎሉ መስመር አንድ ያርድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ኳርተርባኩ ባርት ስታር ኳሷን ለማንም አልሰጠም። ክሬመርና ሴንተሩ ኬን ቦውማን የዳላሱን ጄትሮ ፒው ገፍተው ክፍተት ሲፈጥሩ እሱ ከኋላቸው ገባ። 21 ለ 17። የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ ጋርድ እርምጃ ተወሰነ፤ የቴሌቪዥን ተመልካችም ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከኳሷ አንሥቶ ወደ መስመሩ ሰው አዞረ።

ከ1970 እስከ 1978፦ የተጣሉ ሰዎች መስመር

የማያሚ ዶልፊንስ መስመር አሠልጣኝ ሞንቴ ክላርክ የሰበሰባቸው ሰዎች ሌሎች ያልፈለጓቸው ነበሩ። ላሪ ሊትል በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ማንም አልመረጠውም፤ ጂም ላንገርን ክሊቭላንድ አሰናብቶታል፤ ቦብ ኩቸንበርግም ከሌላ ቡድን ተባርሮ የመጣ ነው። በተናጠል ሲታዩ ተራ የተባሉት ሰዎች አብረው ሲሰለጥኑ ሌላ ሆኑ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው።

በ1972 በአምስተኛው ጨዋታ ኳርተርባኩ ቦብ ግሪሲ እግሩ ተሰበረ። በቦታው የገባው ኧርል ሞራል የ38 ዓመት ሰው ነበር። ብዙ ቡድን በዚህ ይወድቃል። ዶልፊንስ ግን መስመሩን ተማምኖ ሩጫውን ቀጠለ፤ ላሪ ዞንካና ሜርኩሪ ሞሪስ እያንዳንዳቸው 1,000 ያርድ ደረሱ፤ ቡድኑም 17 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት ሱፐር ቦውልን፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሲያሸንፍ ግሪሲ የወረወረው ሰባት ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያው በ1973 ግን ሌላ ትምህርት መጣ። ቡፋሎ ቢልስ አስፈሪ መስመር ነበረው፤ ኦ ጄ ሲምፕሰን ከኋላቸው ሆኖ በ14 ጨዋታ 2,003 ያርድ ሮጠ፤ በታሪክ 2,000ን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቡድኑ 9 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ ፕሌይኦፍም አልገባም። ሩጫ ብቻ የሚያውቅ መስመር፣ ውርወራ የጎደለው ቡድን ዕድሉን ሙሉ እንደማያደርግ ታየ።

ወሳኙ የሕግ ለውጥ በ1978 መጣ። እስከዚያ ድረስ የመስመሩ ሰው ኳርተርባኩን ሲጠብቅ እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በትከሻና በክንዱ ነበር የሚታገለው። አዲሱ ሕግ ክንዱን ዘርግቶ በመዳፉ እንዲገፋ ፈቀደለት። ተቀባዮችን ማወክም ተገደበ። ግቡ ውርወራን ማብዛት ነበር፤ ተሳካም። ከዚህ በኋላ የመስመሩ ቀዳሚ ሥራ መንገድ መክፈት መሆኑ ቀርቶ ጊዜ መግዛት ሆነ። በዚያው ዓመት የውድድር ዘመኑ ወደ 16 ጨዋታ አደገ፤ ፕሌይኦፍ የሚገቡትም ከ8 ወደ 10 ቡድኖች ከፍ አሉ።

ከ1981 እስከ 1992፦ አዳኙ እና «ሆግስ»

ውርወራ ሲበዛ ወርዋሪውን የሚያድን ሰው ዋጋው ጨመረ። ኒውዮርክ ጃያንትስ በ1981 ሎውረንስ ቴይለርን መረጠ። ቴይለር የታክል ግዝፈት ያላቸውን ሰዎች በፍጥነቱ ያልፋል፤ እሱን እንዲያግዱ የሚላኩትን ሯጮችና ተቀባዮች ደግሞ በጉልበቱ ይጥላል። በ1982 መጀመሪያ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር በፕሌይኦፍ ሲገናኙ አሠልጣኙ ቢል ዋልሽ ጆን አየርስ የተባለውን ጋርድ ለይተው ለእሱ መደቡ። ሳን ፍራንሲስኮ 38 ለ 24 አሸነፈ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውሉን ወሰደ። አንድ የመስመር ሰው በትክክለኛው ቦታ መመደቡ የፕሌይኦፍን መንገድ ከፈተ።

መስመሩ ማንነት የሆነበት ቡድን ግን የዋሽንግተኑ ነው። የመስመር አሠልጣኙ ጆ ቡገል በ1982 ልጆቹን «ሆግስ»፣ ማለትም አሳማዎቹ፣ ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም የክብር ስም ሆነ። ጆ ጃኮቢና ጄፍ ቦስቲክ በድራፍት ያልተመረጡ ነበሩ፤ ረስ ግሪም፣ ማርክ ሜይና ጆርጅ ስታርክ አብረዋቸው ቆሙ። በዚያ ዓመት ፕሌይኦፍ ጆን ሪጊንስ በአራት ጨዋታ 610 ያርድ ሮጠ። በሱፐር ቦውሉ ዋሽንግተን በማያሚ 17 ለ 13 እየተመራ፣ በአራተኛው ሙከራ አንድ ያርድ ሲያስፈልገው ሪጊንስ 43 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ውጤቱ 27 ለ 17 ሆነ። በእነዚያ ዓመታት አገራቸውን ጥለው ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሰፈሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የደረሱት ከተማዋ በዚህ ቡድን ፍቅር በተያዘችበት ወቅት ነው።

የቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ጆ ጊብስ ያደረጉትን ማንም አልደገመውም። በ1982 በጆ ታይዝማን፣ በ1987 በዳግ ዊሊያምስ፣ በ1991 በማርክ ሪፒየን፣ በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ሦስት ሱፐር ቦውል አሸነፉ። በሁለተኛው ላይ ቲሚ ስሚዝ የተባለ ጀማሪ 204 ያርድ ሮጠ። በሦስተኛው የዋንጫ ዓመት ቡድኑ በ16 ጨዋታ የተመታው 9 ሳክ ብቻ ነው፤ ሳክ ማለት ኳርተርባኩ ሳይወረውር ከመስመሩ ኋላ መውደቁ ነው። ወርዋሪው ሲቀያየር ሳይናወጥ የቆየው የመስመሩ ጥራት ነበር።

ተቃራኒውም በዚያው ቡድን ላይ ታይቷል። በኅዳር 1985 ቴይለር የታይዝማንን እግር የሰበረበት ምሽት ጃኮቢ በጉዳት አልተሰለፈም ነበር። የሳክ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ማያሚ በ1988 አሳየ። ዳን ማሪኖ ኳሷን በፍጥነት ይለቅ ስለነበር ቡድኑ በዓመቱ 7 ሳክ ብቻ አስተናገደ፤ ሆኖም 6 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ ውጭ ቀረ።

ከ1993 እስከ 2008፦ ገበያው ሲከፈት

በ1993 ተጫዋቾች ውላቸው ሲያበቃ ቡድን የመምረጥ ነጻነት አገኙ፤ በቀጣዩ ዓመት የደመወዝ ጣሪያ ተጣለ፤ በመጀመሪያው ዓመት 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጣሪያ ማለት ምርጫ ማለት ነው፤ ለአንዱ የሚከፈለው ከሌላው ይቀነሳል። ቡድኖች ለግራ ታክል ከባድ ገንዘብ ማውጣት ጀመሩ፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዞር የማያየውን ወገን የሚጠብቀው እሱ ነውና።

ዳላስ በግዙፎቹ ሰዎቹ ከ1992 እስከ 1995 ሦስት ሱፐር ቦውል ወሰደ። ዴንቨር በሌላ መንገድ ሄደ፤ የመስመር አሠልጣኙ አሌክስ ጊብስ ቀለል ያሉ፣ ፈጣን እግር ያላቸውን ሰዎች መርጦ አምስቱ በአንድ አቅጣጫ አብረው እንዲንቀሳቀሱ አስተማረ፤ በ1997ና በ1998 ዋንጫው የእሱ ቡድን ሆነ። የሁለቱ ልዩነት እንደሚያሳየው መስመርን መስመር የሚያደርገው ክብደት ብቻ ሳይሆን መግባባት ነው።

መስመር ሳይኖረው የጀመረ ቡድን ዕጣ በሂውስተን ታየ። ቴክሳንስ በ2002 መጫወት ሲጀምር የመጀመሪያ ምርጫው ቶኒ ቦሴሊ የተባለ ታላቅ ታክል ነበር፤ ቦሴሊ ግን በትከሻ ጉዳት አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ። ጀማሪው ኳርተርባክ ዴቪድ ካር በዚያ ዓመት 76 ጊዜ ሳክ ሆነ፤ እስከ ዛሬ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ነው። በአምስት ዓመት 249 ጊዜ ወደቀ። ቡድኑ በእሱ ዘመን ፕሌይኦፍ አልገባም፤ ከድራፍቱ ቀዳሚ ሆኖ የተመረጠው ወጣትም የተጠበቀውን ሳይሆን ቀረ።

በሌላው ጫፍ ኒው ኢንግላንድ በ2007 አንድም ሳይሸነፍ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ብሬዲ በመደበኛው ወቅት 21 ጊዜ ብቻ ነበር ሳክ የሆነው። በየካቲት 2008 ግን የጃያንትስ ተከላካዮች በአንድ ምሽት አምስት ጊዜ ጣሉት፤ 17 ለ 14 ተሸነፈ። ወራቱን ሙሉ የሠራ ከለላ በአንድ ጨዋታ ከተከፈተ ሌላው ሁሉ እንደማያድን ዓለም አየ።

ከ2017 እስከ 2025፦ የስድስተኛው ሰው ዘመን

ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በ2017 56 ሳክ አስተናግዶ 4 ብቻ አሸነፈ። በ2018 ድራፍት ጋርዱን ኩዌንተን ኔልሰንን በስድስተኛ ደረጃ፣ ብሬደን ስሚዝንም በሁለተኛው ዙር ወሰደ። አንድሩ ላክም ከትከሻ ጉዳት ተመለሰ። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች አንዱን ብቻ ቢያሸንፍም መስመሩ ሲዋሐድ 10 አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። ላክ በዓመቱ 18 ጊዜ ብቻ ሳክ ሆነ። ከለላው ግን ዘግይቶ ነበር የደረሰው፤ ላክ በቀደሙት ዓመታት የተከማቸበትን ጉዳት መሸከም አቅቶት በነሐሴ 2019፣ በ29 ዓመቱ፣ ጨዋታውን ተወ።

ካንሳስ ሲቲ በ2020 14 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር። ወደ ሱፐር ቦውል ሲሄድ ግን ሁለቱ ታክሎቹ፣ ኤሪክ ፊሸርና ሚቸል ሽዋርትዝ፣ በጉዳት ቀሩ። ማሆምስ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸሽ አመሸ፤ ታምፓ 31 ለ 9 አሸነፈ። የቡድኑ መሪዎች ትምህርቱን ወዲያው ተቀበሉ። በ2021 አምስቱንም ቀየሩ፤ ጆ ቱኒን አስፈረሙ፣ ኦርላንዶ ብራውንን በልውውጥ አመጡ፣ ክሪድ ሃምፍሪንና ትሬይ ስሚዝን በድራፍት ወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሱፐር ቦውል የገጠማቸው ፊላደልፊያ በዓመቱ 70 ሳክ ያስመዘገበ ቡድን ነበር። በዚያ ምሽት አንድም አላገኘም፤ ካንሳስ ሲቲ 38 ለ 35 አሸነፈ።

ሲንሲናቲ ደግሞ ደንቡን የሚፈትን ቡድን ሆነ። በ2021 ድራፍት ታክሉን ፔኔ ሱዌልን ትቶ ተቀባዩን ጃማር ቼዝን መረጠ። ጆ በሮው በመደበኛው ወቅት 51 ጊዜ ሳክ ሆነ፤ በቴነሲው ፕሌይኦፍ ዘጠኝ ጊዜ ወድቆ እንኳ አሸነፈ። ደካማ መስመር ያለው ቡድን በታላቅ ወርዋሪና ተቀባይ ሱፐር ቦውል ሊደርስ እንደሚችል አሳየ። እዚያ ግን በሎስ አንጀለስ ሰባት ጊዜ ተጥሎ 23 ለ 20 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት መስመሩን ቢያድስም ፕሌይኦፍ ሲመጣ ከአምስቱ ሦስቱ ተጎዱ፤ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀረው በካንሳስ ሲቲ ቆመ።

በየካቲት 2025 ዙሩ ተገለበጠ። ካንሳስ ሲቲ ጋርዱን ቱኒን ወደ ግራ ታክል ማዛወር ግድ ሆኖበት ነበር። ፊላደልፊያ ማሆምስን ስድስት ጊዜ ጣለው፤ 40 ለ 22 አሸነፈ። የፊላደልፊያ የራሱ መስመር ደግሞ በመስመር አሠልጣኙ በጄፍ ስታውትላንድ እጅ ለዓመታት የተገነባ ነበር፤ ግራ ታክሉ ጆርዳን ማይላታ ከአውስትራሊያ ራግቢ የመጣ፣ በ2018 በሰባተኛው ዙር የተመረጠ ሰው ነው። ከዚያ መስመር ኋላ ሴኳን ባርክሊ በመደበኛው ወቅት 2,005 ያርድ ሮጧል።

ታሪኩ የሚለው

ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ላይ ስናይ መልሱ ይጠራል። ጠንካራ መስመር ብቻውን ፕሌይኦፍ አያስገባም፤ የ1973ቱ ቡፋሎና የ1988ቱ ማያሚ ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን የሌሎችን ዋጋ በሥራ ላይ የሚያውል እሱ ነው፤ በእሱ ጥላ ሥር የ38 ዓመት ተጠባባቂ ዓመቱን ያለ ሽንፈት ዘልቋል፣ ሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮችም ዋንጫ አንሥተዋል። ደካማ መስመር ደግሞ በመደበኛው ወቅት በፈጣን ውርወራ ሊሸፈን ይችላል። ፕሌይኦፍ ሲመጣ ግን የቀሩት ባላጋራዎች ምርጦቹ ናቸው፤ ያቺን አንዲት ክፍተት ፈልገው ሳያገኙ አይመለሱም።

ስለዚህ ቡድን የሚገነባ ሰው ከአምስቱ በተጨማሪ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ሰው አስቀድሞ መቁጠር አለበት፤ የካንሳስ ሲቲ ሁለቱ የሱፐር ቦውል ሽንፈቶች ያስተማሩት ይህን ነው። እኛም ተመልካቾች በታኅሣሥ ወር ማን ሩቅ እንደሚሄድ ለመገመት ስንፈልግ የኳርተርባኩን ቁጥር ከማየታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ በመስከረም አብረው ከተሰለፉት አምስቱ ስንቱ አሁንም በቦታቸው አሉ?